ልጇን ትታ ባሕር የተሻገረችው መነኩሲት፦ የኬቤኳ ማሪ

ሞንትሪያል ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኬቤክ ከተማ ሄጄ ግማሽ ቀን ተረፈኝ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ስዞር የኡርሱሊን ደናግል (ሴት ልጆችን የሚያስተምሩ የካቶሊክ መነኮሳት) ገዳም በር ላይ ደረስኩ። ሲስተሮቹ በ2018 ለቀው ወጥተዋል። መሥራቿ ግን አሁንም እዚያው ናት፣ መቃብሯ ከጸሎት ቤቱ ጎን ነው። እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ማንበብ ማቆም አቃተኝ።

የዓለም ስሟ ማሪ ጊያር ነው። ገዳም ስትገባ ማሪ ደ ላንካርናሲዮን ተባለች፣ የሥጋዌ ማርያም እንደማለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1599 ቱር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደች። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። በ17 ዓመቷ ለአንድ ሐር ሠሪ ዳሯት። ሃያ ሳይሞላት ባሏ ሞተ፣ የስድስት ወር ልጅና የባሏን ዕዳ ታቅፋ ቀረች።

እህቷና የእህቷ ባል የጭነት ማመላለሻ ሥራ ነበራቸው። እነሱ ዘንድ ገባች። መጀመሪያ ወጥ ቤት ነበረች፣ በኋላ ግን ሥራው ሁሉ በእጇ ሆነ። ሎዋር ወንዝ ዳር ቆማ ዕቃ ስታስጭንና ስታስወርድ፣ ፈረሶቹን ስታይ፣ ከተሸካሚና ከጋሪ ነጂ ጋር ስትከራከር እኩለ ሌሊት የሚሆንባት ጊዜ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥር 1631 ላይ ገዳም ገባች። ልጇ ክሎድ 11 ዓመቱ ነበር፣ እህቷ እንድታሳድገው ተወችው። ልጁ አላርፍ አለ። ገዳሙ በር ላይ እየመጣ "እናቴን መልሱልኝ!" እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ሰብስቦ መጣ። ያ ሁሉ ልጅ ሲንጫጫ እሷ ውስጥ ሆና የልጇን ድምፅ ለይታ ትሰማለች። አልወጣችም። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ የአገሬውን ልጃገረዶች ላስተምር ብላ ጭራሽ ካናዳ ገባች፣ እዚያው ሞተች።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2014 ቅድስት ብላታለች። የኬቤክ ከተማ ረጅሙ ሕንጻም በስሟ ነው የሚጠራው። እኔ ግን ያ በር ላይ የሚጮኸው ልጅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ?

ነፋስ ስልክ

እኔ በበኩሌ አይገባኝም። ባል ሞተ፣ እሺ። ልጁ ግን አለ። እግዚአብሔር የሰጣትን አደራ በር ላይ እያስለቀሰች ምን ዓይነት ጸሎት ነው የምትጸልየው? የሰው አገር ልጅ ለማስተማር የራስን ልጅ መተው! ቅድስት ናት የሚሉትን ለመናቅ አይደለም፣ ከልቤ ያለውን ነው የምናገረው።

ጣና ዳር

ነፋስ ስልክ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ግን እስቲ ወለተ ጴጥሮስን አስባት። የተወለደችው በ1592 ነው፣ ማሪን በሰባት ዓመት ብቻ ብትበልጣት ነው። የሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ ነው የመነኮሰችው። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል፣ ስለዚህ ትታው የሄደችው ልጅ አልነበራትም። የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ግን ባሏንም ሴት ልጇንም ትታ ነው የወጣችው። እኔ እኅተ ክርስቶስን "ዓለምን የናቀች" ሲሏት ሰምቼ ነው ያደግኩት። ያቺ ልጅ በር ላይ አልቅሳ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ የሞንትሪያልን ጽሑፍ ሳነብ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኳት።

አንድ ሌላ ነገር። ወለተ ጴጥሮስ የተሰደደችው የሱስንዮስን ካቶሊክነት አልቀበልም ብላ ነው። ያን ሃይማኖት ይዘው የመጡት ደግሞ ጀስዊቶች የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር ናቸው። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ፣ ፋሲልም ሚሲዮኖቹን አባረራቸው። በዚያው በ1632 ፖል ለ ዠን የሚባል ጀስዊት ኬቤክ ገባ። ከዚያ በየዓመቱ የሚልከው ዘገባ ፈረንሳይ ውስጥ ታትሞ ይነበብ ነበር። ማሪም እሱን እያነበበች ነው ልቧ ወደ ካናዳ የሸፈተው። ጣና ላይ የተባረረው ማኅበር ነው እዚያ ማዶ የጠራት። የወለተ ጴጥሮስ ገድል የተጻፈው በ1672 ነው። ሞንትሪያል፣ ማሪ የሞተችው መቼ ነው?

ሞንትሪያል ነኝ

ሚያዝያ 30 ቀን 1672! ጣና ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር።

ኑሮዋን ልንገራችሁ፣ እዚያ ላይ ነው ነገሩ።

ግንቦት 1639 ከዲዬፕ ወደብ ተነሡ። ሦስት ኡርሱሊኖች፣ ሆስፒታል ሊከፍቱ የሚሄዱ ሦስት ሌሎች ሲስተሮች፣ ወጪውን የሸፈነችው ማዳም ደ ላ ፔልትሪ የምትባል ሀብታም መበለት። ሦስት ወር ባሕር ላይ። አንድ ቀን በጉም መካከል የበረዶ ተራራ መርከቧን ሊጨፈልቃት ደረሰ። ሰው ሁሉ ይጮኻል። ማሪ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች፣ ብንሰምጥም ገላዬ እንዳይታይ ብላ። ይህቺን ሳነብ ሴትየዋን ያየኋት መሰለኝ።

ነሐሴ 1 ቀን ኬቤክ ደረሱ። ከተማ ብላችሁ አታስቧት፣ ጥቂት መቶ ፈረንሳዮች ያሉባት የአውሬ ቆዳ መነገጃ ሰፈር ናት። የተሰጣቸው ቤት ሁለት ክፍል ነው። የጣሪያው ሳንቃ ስንጥቅ ስለነበር ማታ ጋደም ብለው ኮከብ ያያሉ፣ ነፋሱ ሻማ አላበራ ይላቸዋል። ገና ሳይደላደሉ ፈንጣጣ ገባ። ፈረንጅ ይዞት የመጣ በሽታ ነው፣ የአገሬው ሰው አካል አያውቀውም። ቤቷ ሆስፒታል ሆነች። ልጆቹ መሬት ላይ ተደርድረው ተኝተው ለማለፍ በላያቸው እየተራመዱ ነበር። አራት ልጃገረዶች ሞቱ። ከፈረንሳይ ያመጡት አንሶላና ጨርቅ ሁሉ ለሕመምተኛ አለቀ።

ወጥ ቤታቸውንም ላሳያችሁ። የአገሬው ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሳይበላ መሸኘት ነውር ነው፣ ይሄን ቶሎ ነው የተማሩት። ለስድሳ ሰማንያ ሰው የሚሆን ድስት ይጥዳሉ። የደረቀ ጥቁር ፕሪም፣ እያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን አራት ዳቦ፣ የአተር ወይም የበቆሎ ዱቄት፣ ትንሽ የአሳማ ስብ። ከዚያ ደርዘን የሞራ ሻማ ቀልጦ ይጨመርበታል። አዎ ሻማ። ወጡ ቅባት እንዲኖረው ነው። ያለችንን ማታ የምናበራባትን ሻማ ለእንግዳ ድስት ውስጥ መጨመር! እኔ ይሄን ያደረገ ሰው አከብራለሁ።

ብርዱስ? በ1644 በጻፈችው ደብዳቤ አዲሱ ገዳማቸው አራት ምድጃ እንዳለውና በዓመት 175 ኮርድ ግንድ እንደሚበላ ትናገራለች። አንዱ ኮርድ የሰው ደረት የሚደርስና ከሰው ቁመት የሚረዝም የእንጨት ክምር ነው። ያም ሆኖ ከእሳቱ ርቆ አንድ ሰዓት መቀመጥ አይቻልም። አንዷ እህት በውስጡ ጨርቅ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብታ ነበር የምትተኛው።

የአገሬውን ሰው ቋንቋ መማር የጀመረችው በአርባ ዓመቷ ነው። ቃላቱ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይንከባለላሉ ብላለች። እኔ በሠላሳ አምስት ዓመቴ ፈረንሳይኛ ስጀምር የሆንኩትን ቁጭ አድርጋ ጻፈችው! ግን አልተወችም። አልጎንኪንኛ፣ ሂዩሮንኛ፣ በስተርጅና ደግሞ ኢሮኳኛ። መዝገበ ቃላትና የሃይማኖት መማሪያ በነዚህ ቋንቋዎች አዘጋጅታለች።

ያቺ ሀብታም መበለት ደግሞ በ1642 ሞንትሪያልን ሊመሠርቱ ከሚሄዱት ጋር ዕቃዋን ጭና ሄደች። ገንዘቡም አብሮ። ማሪ ሕንጻ ጀምራ፣ ልጆች ሰብስባ ባዶ እጇን ቀረች። ሴትየዋ የተመለሰችው ዓመት ከመንፈቅ ቆይታ ነው።

ቤሩት ስምንት ዓመት

ዝም ብዬ ላነብ ነበር፣ አልቻልኩም።

ነፋስ ስልክ ወንድሜ፣ እኔ ልጄን በአምስት ዓመቱ ለእናቴ ትቼ ቤሩት ሄጃለሁ። ለጸሎት አይደለም፣ ለእንጀራ ነው። ስምንት ዓመት። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቼ ስልክ አይሰጡኝም ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳልሰማ ቆየሁ። ስመለስ ቦሌ መጥቶ ተቀበለኝ። በቁመት ሊደርስብኝ ምንም አልቀረውም። እጁን ዘረጋልኝና "እንዴት ነዎት?" አለኝ።

ነዎት! ለእንግዳ የሚባለውን። ሰው ፊት አላለቀስኩም። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ስለዚህ ማሪ ላይ አልፈርድም። ትክክል ናትም አልልም፣ እኔ በግዴ ነው፣ እሷ በፈቃዷ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ጻፈችለት?

ነፋስ ስልክ

እህቴ፣ ይቅርታ። አንቺን አስቤ አልነበረም የጻፍኩት።

ሞንትሪያል ነኝ

ጻፈችለት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጻፈችለት።

ያኔ ፖስታ ማለት መርከብ ነው። በበጋ ትመጣለች፣ ወንዙ በረዶ ሳይሆን በመከር ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዓመት ምንም የለም። ዛሬ "ደኅና ነህ?" ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ የሚመጣው በዓመቱ ነው። ስለዚህ በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀን ሥራ እየሠራች ሌሊት በሻማ ትጽፋለች፣ እጇ እስኪዝል። ብዙው ጠፍቶ ዛሬ ወደ 280 የሚጠጋ ደብዳቤ ተርፏል። ከዚያ ውስጥ ለክሎድ የጻፈችው ብዙ ነው።

ሁሉም ደስ የሚል አይደለም። በ1641 በጻፈችው ላይ አዎ ትቼሃለሁ፣ ግን መተውህ አልጠቀመህም ወይ የሚል አለ። ያን ስታነቢ ትናደጃለሽ፣ እኔም ተናድጃለሁ። በሌላ ጊዜ ግን ከእሱ የተለየችበት ቀን ነፍሷ ከሥጋዋ የተለየች መስሏት እንደነበር ጽፋለች። ክሎድ ራሱ በ1641 የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ገዳም ገባ። ዝም ብሎ ግን አልተቀበላትም፣ ሕይወትሽን በሙሉ ጻፊልኝ እያለ ዓመታት ወተወታት። በመጨረሻ በ1654 ጻፈችለት።

ታሪክ ወዳድ

ውይይቱ ልብ ይነካል። ግን ስለ አንድ ፈረንሳዊ እናትና ልጅ ብቻ እያወራን ሌሎቹን እናቶች እንዳንረሳ።

የኢኑ፣ የአልጎንኪንና የዌንዳት (ፈረንሳዮቹ ሂዩሮን የሚሏቸው) ልጃገረዶች ናቸው እዚያ ትምህርት ቤት የገቡት። ሲመጡ ገላቸውን የተቀቡት ስብ ይታጠባል፣ የፈረንሳይ ልብስ ይለብሳሉ። ሲስተሮቹ ስቡን ቆሻሻ አድርገው ነው ያዩት። እኛ አናታችንን ቅቤ ስንቀባ ፈረንጅ አፍንጫውን እንደሚይዘው ማለት ነው። ስቡ ለብርድና ለትንኝ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ማሪ ነጋባማት ናት። ጥቂት ቀን ሳትቆይ የሰጧትን ልብስ ቀዳዳ ጫካ ገባች። አባቷ መልሶ አመጣት፣ ከዚያ ለመደች ይላሉ። ለምን ለመደች? የአባት ትእዛዝ ይሁን፣ ፍቅር ይሁን፣ እሷ ራሷ የጻፈችው ቃል የለንም።

ቴሬዝ የምትባለውስ የዌንዳት ልጅ? ማንበብ መጻፍ ተምራ፣ በ1642 ወደ ወገኖቿ ስትመለስ መንገድ ላይ የዌንዳት ጠላት የነበሩት ኢሮኳዎች ማረኳት። መቁጠሪያዋ ስለጠፋ በጣቷና በድንጋይ እየቆጠረች ትጸልይ ነበር። እዚያው አገባች፣ አልተመለሰችም። ማሪ ለዓመታት ልጄ እያለች አስለቅቁልኝ ስትል ነበር። ይህ ፍቅር ነው፣ አልክድም።

ግን በ1668 ማሪ ራሷ ምን እንደጻፈች እዩ። በእጃችን ካለፉት መቶ ልጆች እንደ ፈረንሳይ ልጅ ያደረግነው በጭንቅ አንዷን ቢሆን ነው አለች። ብልሆች ናቸው፣ ጨዋ ናቸው፣ ግን ሳናስበው አጥሩን ዘለው ከወላጆቻቸው ጋር ጫካ ይሄዳሉ። ካስቀረናቸው ያዝናሉ፣ ሐዘኑ ያሳምማቸዋል። ይህን የጻፈችው እዚያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከኖረች በኋላ ነው። የፓሪስ መንግሥት ልጆቹን ፈረንሳዊ አድርጉ እያለ በሚገፋበት ሰዓት የሆነውን ሳትደብቅ ጻፈች። ለዚህ አከብራታለሁ። ግን ያንን አጥር የሚዘልሉት ልጆች እኮ መልሳቸውን ሰጥተዋል።

በኋላ ካናዳ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ወደ 150,000 የሚሆኑ የነባር ሕዝቦች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ብዙዎቹ ከወላጅ እጅ ተነጥቀው። በ2022 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ካናዳ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ጣና ዳር

ልክ ነህ። ግን የማሪንና ያንን አንድ ማድረግ አልችልም። ማሪ ጊዜ ወላጅ ልጁን ያመጣል፣ ሲያሻው ይወስዳል። በሩ ላይ ፖሊስ የለም። በ1920 ግን ካናዳ በሕግ ግዴታ አደረገችው።

ታሪክ ወዳድ

አንድ አይደሉም፣ እስማማለሁ። ሐሳቡ ግን ከየት ተጀመረ ብለሽ ብትጠይቂ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። ልጅን ከቤቱ አውጥተህ፣ አጥበህ፣ ሌላ ልብስ አልብሰህ ሌላ ሰው ታደርገዋለህ የሚለው።

የሲስተሮች ተማሪ

እኔ አገር ቤት ሲስተሮች ጋ ነው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የተማርኩት። ስለ ካናዳ አላውቅም፣ ስለራሴ ልናገር። ስፌት፣ እንግሊዝኛ፣ ንጽሕና፣ ሰዓት ማክበር ከእነሱ ነው ያገኘሁት። እናቴ ክፍያ ሲያጥራት አንዷ ሲስተር ለማንም ሳትናገር ትከፍልልኝ ነበር። ይህን ያወቅኩት ሲስተሯ ከሞተች በኋላ ነው። እኛ ግን ማታ ቤታችን እንገባለን፣ እንጀራችንን እንበላለን፣ በቋንቋችን እንጣላለን። አሁን ሳስበው ትልቁ ልዩነት እሱ ነበር።

ሞንትሪያል ነኝ

ታሪክ ወዳድ፣ ያልከውን አልከራከርህም። የአገሬው ሰዎች እነሱን እንዴት ያዩአቸው እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር ግን ልጨምር።

ታኅሣሥ 30 ቀን 1650 ሌሊት ገዳሙ ተቃጠለ። ዳቦ የምታቦካው እህት ሊጡ በብርድ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ቡኻቃው ሥር ፍም አስቀምጣ ረሳችው። (የዳቦ ጋጋሪው ልጅ የማሪ ቤት በሊጥ ምክንያት ተቃጠለ።) ከዚያ እሳቱ ጣሪያ ደረሰ። ልጆቹን አወጡ፣ እነሱም በሌሊት ልብስ፣ ባዶ እግራቸውን በረዶ ላይ ቆመው ቤታቸው ሲነድ አዩ። የሞተ የለም። ንብረቱ ግን ሁሉም ሄደ። ብዙ ሰው አሁንስ ወደ ፈረንሳይ ይመለሳሉ አለ።

ያኔ ኬቤክ አጠገብ የዌንዳት ስደተኞች ሰፍረው ነበር። አገራቸው በ1649 በኢሮኳ ጦርነት ጠፍቷል፣ ቤተሰብ አልቆባቸዋል፣ ርበዋል። እነዚያ ሰዎች ተሰብስበው መጡ። በእጃቸው የቀረውን ሁለት የዛጎል ዶቃ ሐብል ይዘው፣ እያንዳንዱ 1,200 ዶቃ ያለው። በእነሱ ባህል ይህ ቃል ኪዳን ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። አንዱን ሐብል እግራችሁ በዚህ ምድር ላይ ሥር ይስደድ ብለው፣ ሁለተኛውን ለአዲሱ ቤታችሁ መሠረት ብለው ሰጡ። ቤት የሌለው ሰው ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው መሠረት ሲሰጥ! ይሄን ለባለቤቴ ሳነብላት ድምፄ ተቆረጠ።

ከዚያ ማሪ ያንን የወደብ ልምዷን አወጣች። ያዙልኝ ያልኳችሁን። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ብድር አፈላልጋ፣ ከግንበኛና ከአናጢ ጋር ተዋውላ፣ እንጨት መወጣጫው ላይ እየወጣች ሥራውን ተቆጣጠረች። በ1652 አዲሱ ቤት ገቡ።

ነፋስ ስልክ

አነበብኩት፣ ሁሉንም። አሁንም ያንን ልጅ በር ላይ መተዋን አልቀበልም፣ ግን ሴትየዋን አሁን በሌላ ዓይን ነው የማያት። አንድ ጥያቄ ብቻ። ከዚያ በኋላ ተያዩ? ልጁስ ይቅር አላት?

ሞንትሪያል ነኝ

ካናዳ ከሄደች በኋላ በአካል አልተያዩም። ልትሞት ስትል ለክሎድ መልእክት ላከች፣ በልቤ ይዤው ወደ ገነት እሄዳለሁ በሉት ብላ።

ይቅር አላት ወይ ለሚለው፣ እሱ ያደረገውን ልንገርህ። በ1677 የእናቱን ሕይወት መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፣ በ1681 ደብዳቤዎቿን። በመጽሐፉ ውስጥ የእሷን ቃል እያስቀደመ ከሥሩ የራሱን ይጨምራል። ያ በር ላይ የጮኸው ጩኸት ራሱ ተጽፎ ነው የደረሰን፣ አልደበቀውም። እሷን ቅድስት ናት ብሎ የሚያምን ልጅ ነው፣ ያን ቀን ግን ከመጽሐፉ አልሰረዘውም።

ቤሩት ስምንት ዓመት

እግዜር ይስጥልኝ ሞንትሪያል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የኔው ከተመለስኩ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶታል። "እርስዎ" ማለቱን እንዳልሰማ እየሆንኩ ነው የኖርኩት፣ አንድም ቀን አላረምኩትም። ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላሁ እሱ ስልኩን እያየ ተቀምጧል። ሲኒውን ወደኔ ገፋ አደረገና "ስኳር ጨምሪልኝ" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም።